በደብረ ብርሃን የጤና ባለሙያዎችን የቅጥር ማመልከቻ የሚያሰናዳ ጽሕፈት ቤት

በሰሜን ሸዋ በመንግሥት ጤና ተቋም ለመቀጠር የሚፈልግ ባለሙያ ክፍት መደቦችን ሁሉ የሚያይበት አንድ ሰሌዳ የለውም። የሆስፒታል ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ በሆስፒታሉ ግቢ ይለጠፋል፤ የጤና ጣቢያው በወረዳው ሰሌዳ ላይ፣ የአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ደግሞ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በኩል ይወጣል፤ በኩርም ሆነ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ የሚደርሰው ከዚህ ጥቂቱ ነው። ቴሌግራም ሁሉንም ሰብስቦ በእጃችን ላይ አስቀምጦልናል ቢባልም፣ ከሰሌዳ ላይ በጥድፊያ ተነሥቶ ግርጌው በተቆረጠ ፎቶ ምዝገባው የሚያበቃበትን ቀን ማወቅ አይቻልም። መናኸሪያው አካባቢ የሚገኘው ይህ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ለየት የሚለው፣ የመጣለትን ወረቀት ዝም ብሎ ከማባዛቱ በፊት ማስታወቂያውን ከአመልካቹ ማስረጃ ጋር መስመር በመስመር የሚያመሳክር በመሆኑ ነው።

ሥራውን የሚመሩት ደንበኛው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው የቤቱ ባለቤት ናቸው። እኔ ተራዬን በምጠብቅበት ሰዓት ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ በግል ክሊኒክ የሠራበትን የልምድ ደብዳቤ አቀረበላቸው። ማስመሪያቸውን ከየመስመሩ ሥር እያስኬዱ አንብበው ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ ይኼ ደብዳቤ ደመወዝህን አልጻፈም፤ ግብር ስለ መከፈሉም አንዳች አይልም። እንዲህ እንዳለ ይዘኸው ብትሄድ ልምድህን ዜሮ ነው የሚያደርጉት» አሉት። ከግል ድርጅት የሚቀርብ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲገለጽ በብዙ ማስታወቂያዎች ግርጌ ስለሚጠየቅ፣ ምክራቸው ትክክል ነበር። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ለይተው፣ ክሊኒኩ አስተካክሎ ሲጽፍለት ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እንዲያመለክትለትም ነገሩት፤ ይህ ካልተገለጸ መዝጋቢው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደፊት የሄደ ልምድ ያነባልና። ልጁ ቀኑን እዚሁ እንዲያስተካክሉለት ቢለምናቸው ግን ፊታቸውን አጠቆሩበት። የሌላ ድርጅት ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እንደማይነኩ ነግረው፣ ወደ ክሊኒኩ ስልክ እንዲደውል አደረጉት። በእኔ ግምት የቤቱ ትልቁ ብቃት ይኸው እምቢታ ነው፤ የትምህርትና የልምድ ማስረጃ ከሰጪው ተቋም በሚጣራበት ዘመን አንዲት የተፋቀች ቁጥር የባለሙያን ዕድሜ ልክ ሥራ ልታበላሽ ትችላለች።

አዲስ ተመራቂዎችንም በሚገባ ያስተናግዳሉ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ያለፈ ሁሉ የሙያ ፈቃድ እንዳለው አድርጎ የሚያስብ አመልካች አሁንም ስላለ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዲግሪውን ሳይሆን የሙያ ምዝገባና ፈቃድ ወረቀቱን ነው፤ በቴክኒክና ሙያ ደረጃ ሠልጥኖ ለመጣውም ሲኦሲውን፣ ማለትም የብቃት ምዘና ማረጋገጫውን ይጠይቁታል። በፋይዳ መታወቂያ፣ በ12ኛ ክፍል ውጤትና በዲግሪ ላይ ያለው ስም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉንም ጎን ለጎን አስቀምጠው ያያሉ። የአያት ስም በአንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ፊደል ከተለየ፣ ምዝገባው ቀን ላይ ከመጨቃጨቅ ቀደም ብሎ ማስተካከል እንደሚሻል ያስረዳሉ። እንደ ዓለም ከተማ ወይም አረርቲ ካሉ ቦታዎች፣ መንገዱ መከፈቱን በስልክ አጣርቶ ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

የማመልከቻ ደብዳቤያቸውን ግን አልወደድኩትም። ለነርስም፣ ለሚድዋይፍም፣ ለፋርማሲ ባለሙያም የሚወጣው ጽሑፍ አንድ ነው፤ «ተቋሙን በቅንነትና በታታሪነት ለማገልገል» የሚለው ሐረግ የማይገኝበት ደብዳቤ አላየሁም። የማስታወቂያው ቁጥርና የመደቡ መጠሪያ በትክክል ስለሚገቡ ጉዳት አያደርስም፤ አንባቢው ግን አመልካቹ በወሊድ ክፍል ይሥራ በድንገተኛ ክፍል አያውቅም። ከዚህ በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ሲቪው ነው። የወረዳ ቅጥር በአብዛኛው የሚከናወነው በቦታው በሚሞላ ቅጽ በመሆኑ፣ ማስታወቂያው ሲቪ ካልጠየቀ መክፈል አያስፈልግም። ባለቀለም ፕላስቲክ ጥራዙንም ይተዉት፤ መዝጋቢው ዋናውን ከኮፒው ጋር ሲያመሳክር እየተነጫነጨ የሚፈታው እሱን ነው።

የማልታገሰው ጉድለት ሌላ ነው። በስካነር የተነሡት ማስረጃዎች ማንም ደንበኛ ሊያየው በሚችለው ኮምፒውተር ላይ ተከማችተው ይቀራሉ፤ የእኔ ፋይል ሲፈለግ የሌሎች ሰዎች ዲግሪና መታወቂያ በተርታ አልፎ ነበር። ይህን ስነግራቸው እትዬ ቅር ሳይላቸው የእኔን አጠፉልኝ፤ የሌሎቹ ግን እዚያው እንዳሉ ነው የወጣሁት። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ፍላሽ ይዞ ሄዶ ፋይሉን እዚያው ይቀበል፣ ከኮምፒውተሩ ሲጠፋም ቆሞ ይይ፣ ዋና ማስረጃዎቹንም ቆጥሮ ሳይረከብ ከቤቱ አይውጣ።

ዋጋቸው በአካባቢው ካሉት ቤቶች በመጠኑ ከፍ ይላል፤ ማስረጃውን አንብበው ለሚሰጡት ምክር ግን ለብቻው አያስከፍሉም። ጄኔሬተር ስለሌላቸው መብራት ከጠፋ ሥራው ይቆማል፤ በምዝገባው የመጨረሻ ቀን እዚያ ተሰልፎ ከመጨነቅ ማስታወቂያው እንደወጣ፣ ማልዶ መሄድ ይሻላል።