የሱናሚ ማስጠንቀቂያ አገልግሎት ግምገማ፦ ከመጀመሪያው መልእክት ይልቅ ሁለተኛው

ከባሕር ወለል ሥር ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በተነሣ ቁጥር ሱናሚ ይከተል አይከተል እንደሆነ የሚተነብየውን አገልግሎት እንደ ማንኛውም አገልግሎት መመዘን ይቻላል። ክፍያ ባይጠየቅበትም ተጠቃሚው መያዣ አድርጎ የሚያቀርበው ሕይወቱን ነውና ምዘናው እንዲያውም ጠበቅ ማለት አለበት። እዚህ የምመዝነው በዋናነት በሃዋይ የሚገኘው የፓስፊክ ሱናሚ ማስጠንቀቂያ ማዕከል የሚያወጣቸውን መልእክቶች ሲሆን፣ ለማነጻጸሪያ የጃፓንን የሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ አነሣለሁ። ማዕከሉ የተቋቋመው በ1949 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለመቋቋሙ ምክንያት የሆነው በ1946 በአላስካ አሉሺያን ደሴቶች አጠገብ የተነሣ ርዕደ መሬት ነበር፤ ማዕበሉ አምስት ሰዓት ያህል ተጉዞ ሃዋይ ሲደርስ አስቀድሞ ያወቀ አልነበረምና ከ150 በላይ ሰዎች አለቁ።

የመልእክቱ አቀራረብ ጌጥ የለውም። መንቀጥቀጡ የተነሣበትን ሰዓት፣ ቦታ፣ ጥልቀትና መጠን ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ማዕበሉ ያሰጋቸዋል የሚባሉትን ዳርቻዎች ከ0.3 እስከ 1 ሜትር፣ ከ1 እስከ 3 ሜትር፣ ከ3 ሜትር በላይ በሚሉ ሦስት እርከኖች ይከፍላል፤ ከዚያም የመጀመሪያው ማዕበል በየቦታው የሚደርስበትን ግምታዊ ሰዓትና በባሕር መለኪያዎች የታየውን ከፍታ ይዘረዝራል። ሰዓቶቹ በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር ስለሚጻፉ ወደ አካባቢው ሰዓት መቀየር የአንባቢው ሥራ ነው፤ በድንጋጤ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

አገልግሎቱ የሚደነቅበት ክፍል የመድረሻ ሰዓቱ ነው። የሱናሚ ፍጥነት በውኃው ጥልቀት የሚወሰን በመሆኑ፣ 4,000 ሜትር በሚጠልቅ ውቅያኖስ ላይ በሰዓት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚጓዝ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የባሕሩ ወለል ካርታ በእጅ ካለ የቀረው ስሌት ነው። በ1960 በቺሊ 9.5 የተለካው መንቀጥቀጥ የላከው ማዕበል 15 ሰዓት ገደማ ተጉዞ ሂሎ የተባለችውን የሃዋይ ከተማ ሲመታ ማስጠንቀቂያው ከሰዓታት በፊት ወጥቶ፣ ሳይረኑም ጮኾ ነበር። ሆኖም 61 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ሰምተው ያልሸሹ ነበሩ። ይህን ጉድለት በትንበያው ላይ አልጽፍበትም።

የማዕበሉ ከፍታ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ቅሬታዬም የሚጀምረው ከዚህ ነው። የመጀመሪያው መልእክት የሚወጣው ባሕሩን ዓይቶ ሳይሆን መሬቱን ሰምቶ ነው። በዜና «በሬክተር ስኬል» ማለት ልማድ ሆኖብን ቀረ እንጂ ባለሙያዎቹ ለትልልቅ መንቀጥቀጦች ሬክተርን ከተዉት ቆይተዋል፤ ምክንያቱም ፈጣኖቹ የልኬት ስልቶች መጠኑ ከ8 ሲያልፍ ዝቅ አድርገው ይገምታሉ። ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ከኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት ጠረፍ የተነሣው የመሬት ቅርፊት ስብራት 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ሲሆን ተሰብሮ እስኪያበቃ ብቻ ደቂቃዎች ፈጅቷል። ማዕከሉ ከሩብ ሰዓት በኋላ ባወጣው መልእክት መጠኑን 8.0 አለው፤ ትክክለኛው 9.1 ነበር። በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በኃይል ሲሰላ ግን ከ40 እጥፍ በላይ ነው። በዚያን ጊዜ የሕንድ ውቅያኖስ የራሱ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ስላልነበረው ትክክለኛው ቁጥር ወዲያው ቢታወቅ እንኳ የሚቀበለውና ወደ ዳርቻው የሚያደርሰው አልነበረም፤ ወደ 230,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ።

እንደ ጃፓን የተዘጋጀ አገርም ከዚህ ወጥመድ አላመለጠም። ማርች 11 ቀን 2011 መንቀጥቀጡ በጀመረ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ማስጠንቀቂያው ወጣ፤ ፍጥነቱ የሚያስቀና ነው። መጠኑ ግን 7.9 ተብሎ ስለተገመተ ከጃፓን ጠረፋማ ክፍላተ ሀገር ለሚያጊ 6 ሜትር፣ ለኢዋቴና ለፉኩሺማ 3 ሜትር ተነገረ። መንቀጥቀጡ ከጀመረ ከ28 ደቂቃ በኋላ የሚያጊው ወደ 10 ሜትር፣ የሌሎቹ ወደ 6 ሜትር ከፍ ሲደረግ በብዙ ስፍራ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማሻሻያው ያልደረሳቸው ብዙ ናቸው። ባለ 3 ሜትር ማዕበል የመከላከያ ግንቡን አያልፍም ብሎ የተቀመጠ ሰው የተሳሳተው በስንፍና ሳይሆን የተሰጠውን ቁጥር በማመኑ ነው። ኤጀንሲው ከ2013 ጀምሮ መንቀጥቀጡ ከ8 በላይ ሊሆን ይችላል ብሎ ሲሠጋ በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ላይ የሜትር ቁጥር ትቶ «ግዙፍ» የሚል ቃል ብቻ እንዲጠቀም ደንቡን ቀይሯል። በእኔ ሚዛን ከማናቸውም የኮምፒውተር ማሻሻያ ይልቅ ይህ የቃል ለውጥ ይበልጣል፤ ያልታወቀን ነገር እንደታወቀ አድርጎ አያቀርብምና።

መጠኑ በትክክል ቢለካ እንኳ ጥያቄው አይዘጋም። ሱናሚን የሚወልደው መንቀጥቀጡ ራሱ ሳይሆን የባሕሩ ወለል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መንቀሳቀሱ ነው። ኤፕሪል 11 ቀን 2012 ከሱማትራ ምዕራብ 8.6 የተለካው መንቀጥቀጥ መሬቱን ያንሸራተተው ወደ ጎን ስለነበር ያስከተለው ማዕበል አነስተኛ ሆኖ ቀረ። «ወደ ጎን ከሆነ አያሰጋም» ብሎ ሕግ ማውጣት ግን አደገኛ ነው፤ በ2018 በኢንዶኔዥያዋ ፓሉ ከተማ እንዲሁ ወደ ጎን የተንሸራተተውና 7.5 ብቻ የተለካው መንቀጥቀጥ በጠባቡ የባሕር ሰርጥ ውስጥ የመሬት ናዳ ጭምር አስከትሎ በደቂቃዎች ውስጥ ሱናሚ አምጥቷል። በ1992 በኒካራጓ ደግሞ ስብራቱ ዝግ ያለ በመሆኑ መንቀጥቀጡ ለዳርቻው ነዋሪ እምብዛም ሳይሰማው ማዕበሉ መጣ።

ስለዚህ እውነተኛው ትንበያ የሚጀምረው ባሕሩ ራሱ ሲመሰክር ነው። በጥልቁ ውቅያኖስ ወለል ላይ የተቀመጡ የግፊት መለኪያዎች ከአንድ ሴንቲሜትር ያነሰ የውኃ ከፍታ ለውጥ ለይተው፣ ከላያቸው በሚንሳፈፈው መሣሪያ በኩል ወደ ሳተላይት ይልካሉ። የእነዚህ መሣሪያዎች ትልቁ ጥቅም «አይመጣም» ለማለት ማስቻላቸው ይመስለኛል። በ1986 ከአሉሺያን መንቀጥቀጥ በኋላ የሃዋይ ነዋሪዎች ዳርቻውን ለቀው የጠበቁት ማዕበል እዚህ ግባ የማይባል ነበር፤ በኖቬምበር 2003 በዚያው ሰንሰለት 7.8 ሲለካ ግን የጥልቁ መለኪያ ማዕበሉ ትንሽ መሆኑን ስላሳየ ማስጠንቀቂያው ሰው ሳይፈናቀል ተሰረዘ። በከንቱ የተሰደደ ሕዝብ በሚቀጥለው ጊዜ እግሩ ይከብደዋልና ይህ የገንዘብ ቁጠባ ብቻ አይደለም።

ከቅርብ ጊዜዎቹ ፈተናዎች አንዱ ጁላይ 29 ቀን 2025 (በዓለም አቀፉ ሰዓት) በሩሲያዋ ካምቻትካ የተነሣው 8.8 ነው። የመጀመሪያው ግምት እንደገና 8 አካባቢ ነበር፤ ጃፓንም በ1 ሜትር የጀመረችውን ትንበያ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ 3 ሜትር ከፍ አደረገች። በመጨረሻ በጃፓን የተለካው ትልቁ 1.3 ሜትር ገደማ ሆነ፤ በሃዋይም ማስጠንቀቂያው በሰዓታት ውስጥ ዝቅ ተደረገ። በዕለቱ «ተጋነነ» ያሉ ነበሩ፤ እኔ ግን አልስማማም፤ ለመንቀጥቀጡ ቅርብ በሆነችው የሩሲያ ከተማ ሴቬሮ ኩሪልስክ ውኃው ወደቡን አጥለቅልቋል፤ ለሩቆቹም ማሻሻያው የደረሰው በጊዜው ነው።

እንዲታረም የምመኘው መልእክቱ ከፍታውንና ሰዓቱን የሚዘረዝርበት ሰንጠረዥ አነጋገር ነው። የተጻፈው ከፍታ ከመደበኛው የባሕር ውኃ ከፍታ በላይ ዳርቻው አጠገብ የሚጠበቀው እንጂ ውኃው ወደ ተዳፋቱ የሚወጣበት ልክ አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታታ አንባቢ ራሱን ያታልላል። የመድረሻ ሰዓቱም የመጀመሪያው ማዕበል ብቻ ሲሆን፣ ትልቁ ሰዓታት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በ2006 ከኩሪል ደሴቶች መንቀጥቀጥ በኋላ በካሊፎርኒያዋ ክሬሰንት ሲቲ ስጋቱ አለፈ ከተባለ በኋላ የወደቡ የጀልባ ማሰሪያ መድረኮች በውኃው ጅረት ተሰባብረዋል።

ነጥብ ልስጥ ብል ነጥቡ በርቀት ይለያያል። ማዕበሉ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚጓዝለት ዳርቻ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። አንድ ሰዓት ለቀረው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛውን መልእክት እስኪያይ ከፍታ ቦታ ላይ ሆኖ ይጠብቅ። ሃያ ደቂቃ እንኳ ለሌለው ዳርቻ አገልግሎቱ የሚደርሰው ከማዕበሉ ጋር እኩል ወይም ከኋላው ስለሆነ፣ ረጅም ወይም ብርቱ መንቀጥቀጥ የተሰማው ሰው መልእክት መጠበቅ የለበትም። በዲሴምበር 2018 የአናክ ክራካታው እሳተ ገሞራ ተደርምሶ ላስነሣው ሱናሚ ግን ይህም አይሠራም፤ ቀድሞ የሚያሳውቅ ትልቅ መንቀጥቀጥ አልነበረም፣ ከ400 በላይ ሰዎችም ያለ ማስጠንቀቂያ ሞተዋል። በመጨረሻም ማዕከሉ ስጋቱ አልፏል ብሎ ሲያውጅ የአንድን ዳርቻ ነዋሪ ወደ ቤቱ የሚመልሰው ያ መልእክት ሳይሆን የየአገሩ ባለሥልጣን ውሳኔ መሆኑን መልእክቱ ራሱ ይናገራል።