ሜዲኬር ፓርት ቢ-አይዲ፦ ለክኒኑ ይከፍላል፣ ለደም ምርመራው አይከፍልም

በአሜሪካ በኩላሊት ሕመም ምክንያት ብቻ ሜዲኬር የተባለውን የመንግሥት የጤና መድን ያገኘ፣ ዕድሜው 65 ያልሞላ ሰው፣ ንቅለ ተከላ ከተደረገለት 36 ወራት ሲያልፉ ሽፋኑ ይቋረጥበታል። ሰውነቱ የተተከለለትን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚያደርጉት መድኃኒቶች ግን ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ የሚቋረጡ አይደሉም። መንግሥት የመድኃኒቱን ወጪ ነፍጎ፣ ኩላሊቱ ሲበላሽ ከዚያ እጅግ የሚበልጠውን የእጥበት ወጪ መልሶ የሚሸፍንበት ይህ ግራ የሚያጋባ አሠራር ለዓመታት ከቆየ በኋላ፣ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ባጸደቀው ሕግ መሠረት ለእነዚሁ መድኃኒቶች ብቻ የሚከፍለው ፓርት ቢ-አይዲ የተባለው የሜዲኬር ሽፋን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

ምዝገባው ከተጠበቀው በላይ ቀላል ነው። አመልካቹ ለሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በስልክ ወይም በቅጽ ሌላ የጤና መድን እንደሌለውና እንደማይጠብቅም ያረጋግጣል፤ በእንግሊዝኛ የሚቸገር ሰው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። የመመዝገቢያ ጊዜ ገደብም ሆነ የመዘግየት ቅጣት የለም። ይሁን እንጂ የቀድሞው ሽፋን ከማብቃቱ በፊት ያልተመዘገበ ሰው አዲሱ የሚጀምርለት ከተመዘገበበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር መጀመሪያ ስለሆነ፣ በመካከል ያለውን መድኃኒት ከኪሱ ይገዛል።

ወርሃዊው አረቦን በ2023 97.10 ዶላር ነበር፤ በ2025 ወደ 110.40 ዶላር አድጓል፣ ገቢያቸው ከፍ ያለ ሰዎችም ከዚህ በላይ ይከፍላሉ። በዚያው በ2025 ታካሚው በቅድሚያ 257 ዶላር ከራሱ ከፍሎ፣ ከዚያ በኋላ የመድኃኒቱን ዋጋ 20 በመቶ ይሸፍናል። ለምሳሌ የወር መድኃኒቱ በሜዲኬር ተመን 300 ዶላር ቢሆን፣ ድርሻው 60 ዶላር ከአረቦኑ ጋር ተደምሮ 170.40 ዶላር ይደርሳል። ርካሽ የሆነውን የጄኔሪክ መድኃኒት (ያለ ንግድ ስም የሚሸጠውን ተመሳሳይ መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው ይህ ስሌት ላያዋጣው ስለሚችል፣ ከመፈረሙ በፊት ፋርማሲስቱን ያለ ኢንሹራንስ ስንት እንደሚሸጥለት ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ትልቁ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይገፋ ከሚያደርጉት መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ታክሮሊመስን የሚወስድ ሰው፣ በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን በሚለካበት ቀን የጠዋቱን ክኒን ሳይውጥ ይዞት ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ደሙ ከተቀዳ በኋላ እዚያው በውኃ ይውጠዋል። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው በዚያ ውጤት ነው፤ መጠኑ ካነሰ ሰውነት ኩላሊቱን ይገፋዋል፣ ከበዛም መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ፓርት ቢ-አይዲ ታዲያ ለክኒኑ እንጂ ለደም ምርመራው፣ ለሐኪም ቀጠሮውም ሆነ ለደም ግፊት መድኃኒቱ አንዳች አይከፍልም። ያለ ልኬት የሚወሰድ መድኃኒት መስጠት ለእኔ የግማሽ መንገድ ሥራ ነው፤ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው ለማለትም ይከብዳል።

ስለዚህ ይህን ሽፋን የመጀመሪያ ምርጫ አድርጌ አልመክርም። ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው አስቀድሞ ለሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ለሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ያመልክት፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ የሜዲኬይድ መስፈርታቸውን ለአዋቂዎች ካሰፉት መካከል ናቸው። ገቢው ከዚያ የሚያልፍ ደግሞ በመንግሥት የመድን ገበያ የሚሸጡትን ሙሉ ሽፋኖች ያወዳድር፤ እነዚህ በቀድሞ ሕመሙ ምክንያት ሊከለክሉት አይችሉም። ከሁለቱም የቀረ ሰው ግን ፓርት ቢ-አይዲን ሳይዘገይ ይያዝ፤ በኋላ የሚሠራበት ድርጅት ኢንሹራንስ ከሰጠው በ60 ቀናት ውስጥ ለሶሻል ሴኩሪቲ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።