ክሮንስ ላለበት ልጅ የቱ ይሻላል? ፈሳሹ ምግብ፣ አመጋገቡ፣ ቅጠላ ቅጠሉ ወይስ መርፌው

ልጄ ክሮንስ የሚባለው አንጀት የሚያቆስል በሽታ እንዳለበት የታወቀው በ11 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ሆዱን ሲያመው ኖሯል። መጀመሪያ ትል ነው ብለን የትል መድኃኒት ሰጠነው። ቀጥሎ ወተት ከለከልነው። ያዩት ሐኪም ደግሞ "የትምህርት ቤት ጭንቀት ነው" ብለው መለሱን። እኔን ያነቃኝ ሱሪው ነው። መስከረም ላይ የገዛሁለት ሱሪ በዓመቱም ልኩ ሆነ። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ አንድ ሱሪ ዓመት አይቆየውም።

በሽታው ከታወቀ በኋላ ምክሩ ጎረፈ። እህቴ ከአዲስ አበባ ጥቁር አዝሙድ ላከች። እዚህ ቨርጂኒያ ያሉ ጓደኞቼ ለክሮንስ የሚሰጠውን መርፌ አንስተው "እንዳታስጀምሪው፣ ካንሰር ያመጣል" አሉኝ። አዲሷ ሐኪም አማራጮቹን ዘርዝረው "አስቡበት" አሉን። ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ አነበብኩ። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ እንዲነግረኝ የምፈልገውን ነው አሁን የምጽፈው። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት ማስጀመርም ማስቆምም የልጃችሁ ሐኪም ሥራ ነው።

በምን ልለካቸው?

ሁለት ጥያቄ ይዤ ነው ሁሉንም ያየሁት። የመጀመሪያው፦ አንጀቱን ያድናል ወይስ ሕመሙን ብቻ ያስታግሳል? ክሮንስ ቁርጠቱ ጠፍቶም ውስጥ ለውስጥ ማቁሰሉን ሊቀጥል ይችላል። ቁስሉ ጠባሳ ሲሆን አንጀቱ ይጠባል፤ ያኔ ነገሩ ወደ ቀዶ ጥገና ይሄዳል። ስለዚህ "ዛሬ ደህና ነኝ እማዬ" ብቻውን አይበቃም። ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ አለ። አንጀት ውስጥ ብግነት መኖር አለመኖሩን የሚነግረን እሱ ነው።

ሁለተኛው፦ ልጁ ያድጋል ወይ? አዋቂ ሰው ቢከሳ መልሶ ይወፍራል። ልጅ ግን ቁመት የሚጨምርበት ጊዜ ካመለጠው አመለጠው።

ኢትዮጵያ ለምትኖሩ፣ ወይም ልጃችሁ እዚያ ከርሞ ለመጣ፣ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር አለ። የአንጀት ቲቢ ክሮንስን ቁርጥ አድርጎ ይመስላል። መክሳቱ፣ ትኩሳቱ፣ በኮሎኖስኮፒ (አንጀት ውስጥ በካሜራ በሚታይበት ምርመራ) የሚታየው ቁስል ሳይቀር ይመሳሰላል። አብዛኞቹ የክሮንስ መድኃኒቶች ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ቲቢን ያባብሳሉ። ናሙና ተወስዶ ይህ ሳይጣራ ምንም አትጀምሩ።

ፈሳሹ ምግብና ስቴሮይዱ

"ለልጄ ኬሚካል አልፈልግም" የሚል ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ቅጠላ ቅጠል ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ነገር ግን የአውሮፓ የሕፃናት የአንጀት ሐኪሞች መመሪያ ለብዙዎቹ ልጆች መጀመሪያ የሚያስቀምጠው ምግብን ነው። ልጁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሌላ ምንም ሳይቀምስ የተመጣጠነ ፈሳሽ ምግብ ብቻ ይጠጣል። ሞዱለን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ዱቄት ነው። ተራዎቹም ሙሉ ምግብነት ያላቸው ዓይነቶች ይሠራሉ። ፕሮቲኑ ቀድሞ የተሰባበረው ውዱ ዓይነት ከተራው በልጦ አልተገኘም፤ ስለዚህ ኪሳችሁን አትጉዱ።

በ2006 የወጣ አንድ የጣልያን ጥናት 37 ልጆችን ለሁለት ከፍሎ ለ10 ሳምንት ተከታተለ። ግማሾቹ ፈሳሹን፣ ግማሾቹ ስቴሮይድ የሚባለውን ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ወሰዱ። ሕመሙ የጠፋላቸው በፈሳሹ 79 በመቶ፣ በስቴሮይዱ 67 በመቶ ናቸው። እዚህ ላይ ያን ያህል አይራራቁም። አንጀታቸው ውስጥ ሲታይ ግን ቁስሉ የዳነላቸው 74 በመቶና 33 በመቶ ሆኑ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ማመንታቴን ተውኩ።

ስቴሮይድን ግን ማጥላላት አልፈልግም። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ቶሎ ይሠራል። ሕመሙ የጠናበትን ልጅ ከአልጋ ያነሳል። ችግሩ ሲቆይ ነው። ፊት ያሳብጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጠባይ ይለውጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ከሁሉ በላይ ቁመት ይገታል። የተጀመረም እንደሆነ በራሳችሁ በድንገት እንዳታቆሙት፤ አደገኛ ነው።

ፈሳሹ ቀላል ነው ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ልጄ በቀን ወደ 2 ሊትር ይጠጣ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ አለቀሰ። በደንብ አቀዝቅዘን፣ በክዳን ኩባያ በስትሮ ስንሰጠው ተሻለው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ረሃቡም ቀነሰ። የጀመርነው በሁዳዴ ነበር። ዱቄቱ ደግሞ ከወተት ፕሮቲን ነው የሚሠራው። እናቴ በስልክ "በሁዳዴ ወተት?" ብላ ደነገጠች። የንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው፤ "የታመመ ልጅ ጾም የለበትም፣ ይጠጣ" አሉን። ለፋሲካ ዶሮ ወጡ ሲቀርብ እሱ ኩባያውን ይዞ ተቀመጠ። እኔም የዚያን ቀን አልቀመስኩም፣ አልዋጥልህ አለኝ። ወደኋላ ሳስበው ግብዣውን ወደ ዳግማዊ ትንሣኤ ወይም ከዚያ ወዲያ ማሸጋገር ነበረብኝ።

መጠጣት እምቢ ላለ ልጅ በአፍንጫ የሚገባ ቀጭን ቱቦ አለ። ማታ ማታ ራሳቸው አስገብተው ጠዋት አውጥተው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ።

ፈሳሹ ሁለት ነገር አይችልም። እሳቱን ያጠፋል እንጂ ለዓመታት አይጠብቅም፤ ከ8 ሳምንቱ በኋላ ሌላ ነገር መከተል አለበት። በፊንጢጣ ዙሪያ ፊስቱላ (ከአንጀት ወደ ቆዳ የሚከፈት ቀዳዳ) ለወጣበት ልጅም ብቻውን አይበቃም።

አመጋገብ መለወጥ፦ ሁለት ዓይነት

አንደኛው ለክሮንስ ተብሎ የተዘጋጀው የማግለያ አመጋገብ ነው። እስራኤል፣ ሆሎን ከተማ ባለው የቮልፍሰን ሕክምና ማዕከል ፕሮፌሰር አሪ ሌቪንና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት የልጁ ምግብ ግማሹ ፈሳሽ ነው። ግማሹ የዶሮ ደረት፣ እንቁላል፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ሙዝና ፖምን የመሰለ ተራ ምግብ ነው። ስንዴ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ቋሊማና ታሽጎ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ይቀራል። እንጀራም በዚያ ዝርዝር ላይ የለም።

በ2019 በወጣው ጥናታቸው ይህን አመጋገብ ከሙሉ ፈሳሹ ጋር አወዳደሩት። አመጋገቡን የቻሉት 97.5 በመቶ፣ ሙሉ ፈሳሹን የቻሉት ግን ወደ 74 በመቶ ናቸው። በ12ኛው ሳምንት ያለ ስቴሮይድ ደህና የነበሩት 76 በመቶና 45 በመቶ ሆኑ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የፈሳሹ ቡድን ከ6ኛው ሳምንት በኋላ ወደ ተለመደ ምግቡ ተመልሷል፤ ፈሳሹ ወደ ሩብ ወርዶ ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ የሚያሳየው ወደ ድሮው ምግብ መመለሱ ዋጋ እንደሚያስከፍል ነው።

እዚያው እስራኤል ተመራማሪዎች በቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ላይ ያዩት ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ከኢትዮጵያ ሲገቡ ይህ በሽታ የለባቸውም ማለት ይቻላል። ዓመታት ሲቆዩ ግን መታየት ጀመረ። ምክንያቱ ምግብ ብቻ ነው አይባልም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የታሸገ ነገር ስገዛ ጀርባውን ሳላነብ አልገዛም።

ሁለተኛው ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚወደሰው፣ እህልን በሙሉ የሚከለክለው አመጋገብ ነው፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤስሲዲ ይሉታል። ጤፍ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ስኳር፣ ሁሉም ይቀራል። ማርና ቤት ውስጥ 24 ሰዓት የረጋ እርጎ ይፈቀዳል። በ2021 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አትክልት፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ከሚበዛበት የሜዲትራኒያን አመጋገብ ጋር ቢያወዳድረው በ6 ሳምንት ሕመማቸው የጠፋላቸው 46.5 በመቶና 43.5 በመቶ ሆኑ፤ እኩል ናቸው ማለት ነው። የተጠኑት አዋቂዎች ናቸው። እንግዲህ ለዚህ ብዬ ከሳ ካለ ልጅ አፍ እንጀራ አልነጥቅም። የሥነ ምግብ ባለሙያ ሳይከታተል የሚደረግ ጥብቅ አመጋገብ ልጅን ያከሳል።

ቅጠላ ቅጠልና እንክብል

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። የዓሣ ዘይት፦ በ2008 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ክሮንስ እንዳያገረሽ እንደማይከላከል አሳዩ። ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት እንክብል)፦ በልጆች ላይ ተሞክሮ ጥቅም አልታየም። እርድ፦ የተሻለው ማስረጃ ያለው ለሌላኛው የአንጀት በሽታ፣ ለአልሰራቲቭ ኮላይተስ ነው። ቫይታሚን ዲና ብረት፦ አስመርምሩ፣ ካነሰ ይሰጠው፤ ግን ክሮንሱን አያድኑም።

ጥቁር አዝሙዷን ለእህቴ ስል በምግብ ላይ ጨምሬያታለሁ፤ መድኃኒት ነው ብዬ ግን አይደለም። ኮሶ ግን በፍጹም! አንጀት የሚጠርግ ኃይለኛ ነገር ነው፤ ሲበዛም ዓይን ይጎዳል። የቆሰለ አንጀት ላይ አይሰጥም። ለሆድ ቁርጠት አይቡፕሮፌንም አትስጡ፣ አንጀቱን ሊያስቆጣ ይችላል። ጸበል መጠመቅና መጠጣት ከሕክምና ጋር አይጣላም። "ጸበል ላይ ነን" ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ነው ልጅ የሚጎዳው።

መርፌው

ፍርሃታችን ከባዶ የመጣ አይደለም። መርፌዎቹ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ይባላሉ፤ ስለ ከባድ ኢንፌክሽንና ሊምፎማ ስለሚባል ካንሰር በጥቁር ሣጥን፣ ማለትም ከሁሉ በጠነከረው ዓይነት፣ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። ነገር ግን ሊምፎማው በጣም አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው። በተለይ የሚያሰጋው አዛታዮፕሪን ከሚባለው የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም እንክብል ጋር አብሮ ሲሰጥ፣ ይበልጡንም ለወንድ ልጆችና ወጣቶች ነው። ስለዚህ "አብሮ ሌላ እንክብል ይታዘዝለታል ወይ? የትኛው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሜቶትሬክሴት የሚባል ሌላ መድኃኒት በአዛታዮፕሪን ቦታ እንደ አማራጭ ይነሳል።

በሌላው ሚዛን ላይ ያለውም መታየት አለበት። ኢንፍሊክሲማብ ለልጆች በ2006 የተፈቀደው 112 ሕፃናትና ታዳጊዎች ላይ በተሠራ ጥናት ነው። በ10ኛው ሳምንት 88 በመቶው ተሻላቸው፤ 59 በመቶው ሕመሙ ጠፋላቸው። ፊስቱላ ላለበት ልጅ ደግሞ ዋናው ምርጫ ይህ ነው።

ኢንፍሊክሲማብ ሆስፒታል ውስጥ በደም ሥር ይሰጣል። ከመጀመሪያው በኋላ በ2ኛውና በ6ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየ8 ሳምንቱ ነው። አዳሊሙማብን ቤት ውስጥ ራሳችሁ በየ2 ሳምንቱ ትወጉታላችሁ። መርፌ የሚፈራ ልጅ የመጀመሪያውን ሊመርጥ ይችላል። ከሥራ መቅረት የማይችል ወላጅ ሁለተኛውን። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ ባዮሲሚላር የሚባሉት አቻዎቻቸው ግን ረከስ ይላሉ። ከመጀመራቸው በፊት የቲቢ ምርመራ ግድ ነው።

እኛ ፈሳሹን 8 ሳምንት ጨረስን። ካልፕሮቴክቲኑ ወረደ። በማግለያው አመጋገብ ቀጠልን፤ አምስት ወር ያህል ጥሩ ሄደ። ከዚያ ሆዱን ሳያመው ቁጥሩ መልሶ ወጣ። ምርመራውን ባናደርግ ኖሮ አላውቅም ነበር። ያኔ ኢንፍሊክሲማብ ጀመረ። በዓመቱ 7 ሴንቲ ሜትር አደገ።

ምግብን ብቻ ልሞክር የምትሉ፣ ከሐኪማችሁ ጋር ቀን ቁረጡ፦ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ከዚያ ካልፕሮቴክቲን፣ ክብደትና ቁመት። ቁጥሩ ካልወረደ ወደሚቀጥለው ትሄዳላችሁ። መርፌውን የምትጀምሩ ደግሞ አስቀድማችሁ የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። የኩፍኝ፣ የጉድፍና የቢጫ ወባ ክትባቶች ሕያው ተሕዋስ ስላለባቸው መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ አይሰጡም። ለክረምት አገር ቤት ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ስለ ቢጫ ወባው ከመጀመሪያው ጠብታ በፊት ጠይቁ።