የኦባን አረንጓዴ ጎጆ፦ ከመርከብ ወርዶ ለሚበላ

ኦባን ላይ ከመርከብ ለወረደ ሰው የሚያዋጣው ምግብ ቤት በርም አስተናጋጅም የለውም። ሬይልዌይ ፒር በሚባለው የጀልባ ማረፊያ፣ ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱት፣ ካልማክ የተባለው ድርጅት ጀልባዎች መነሻ አጠገብ የቆመ፣ አረንጓዴ የተቀባ ጎጆ ነው። ስሙ «ኦባን ሲፉድ ሃት» ሲሆን የአገሬው ሰው ግን «ግሪን ሻክ» ይለዋል። ፊት ለፊት መሸጫ ባንኮኒ፣ ጎን ለጎን ጥቂት የጋራ ጠረጴዛዎች፣ በቃ ይሄው ነው። ዝናብ ከጣለ ቆሞ መብላት ሊመጣ ይችላል፤ ኦባን ደግሞ ዝናብ የማይቸግራት ከተማ ናት።

ከተማዋ በስኮትላንድ ምዕራብ ጠረፍ ላይ ያለች ትንሽ ወደብ ናት፤ በጌይሊክ ቋንቋ ስሟ «ትንሿ ወሽመጥ» እንደማለት ነው። ትላልቅ የሽርሽር መርከቦች ኬሬራ የተባለችው ደሴት ከነፋስ በምትጋርደው ውሃ ላይ መልህቅ ይጥሉና ተሳፋሪውን ቴንደር በሚባሉ ትናንሽ ጀልባዎች ወደ ኖርዝ ፒር ያወርዳሉ። ከኖርዝ ፒር እስከ ጎጆው ያለው መንገድ የወሽመጡን ዳርቻ ተከትሎ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሜዳ ስለሆነ በእርጋታ ቢሄዱ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ባሕሩን በቀኝ ይዞ መሄድ ብቻ ነው፤ በግራ በኩል በ1794 የተቋቋመው የኦባን ውስኪ ፋብሪካ ይታያል። ጉብኝቱ የሚያምርዎት ከሆነ ቀድመው በኢንተርኔት ይያዙ፤ መርከብ በገባበት ቀን በር ላይ ደርሶ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው።

ምግቡን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አብሳዩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። (እዚህ የተጻፈው ሰዓት ሁሉ የፈረንጅ ነው።) ቴንደር ሰውን በአንዴ አያወርድም፤ በየዙሩ እያመጣ ይደፋል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከተማውን ዞረው ሲራቡና የመጨረሻዎቹ ዙሮች ገና ሲደርሱ፣ ሁለቱም ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ጎጆው ፊት ይገጣጠማሉ። በዚያ ላይ ወደ መል ደሴት የሚሄደው የካልማክ ጀልባ ሊነሳ ሲል መኪናቸውን ሰልፍ ላይ ያቆሙ መንገደኞች ሳንድዊች ሊይዙ ይመጣሉ። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ መድረስ ነው ብልህነቱ። ቁርስ መርከብ ላይ ጠግቦ የበላ ሰው ይህ አይታየውም፤ ለዚህ ቀን ቁርሱን በሻይና በአንድ ቁራሽ ዳቦ ማለፍ ይሻላል። ሁለተኛው ምቹ ሰዓት ከ2፡30 በኋላ ነው፤ ግን ያኔ ሎብስተሩ (ትልልቅ መቆንጠጫ ያለው የባሕር ፍጥረት) ያለቀ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሰዓት ሌላ ነገር። መርከቦች አንዳንዴ ከኖርዌይ ሲመጡ የራሳቸውን ሰዓት ሳይቀይሩ ስኮትላንድ ይደርሳሉ፤ ስልክዎ ደግሞ መሬት ሲነካ ራሱን ያስተካክላል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ነው። የመጨረሻው ቴንደር የሚነሳበት ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ይሁን በከተማው፣ ከመውረድዎ በፊት መርከቡ በሚያድለው የዕለቱ መርሐ ግብር ወረቀት ላይ ያረጋግጡ። የመጨረሻው ጀልባ ሁልጊዜም መርከቡ ከሚነሳበት ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ ነፋስ ከተነሳ ደግሞ መመላለሱ ይዘገይና ሰልፉ ይረዝማል። ከዚያ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀንሰው የምሳዎን ማብቂያ ያድርጉት።

ምግቡ በሁለት ይከፈላል፦ ቀዝቃዛና ትኩስ። ቀዝቃዛው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ የሸርጣን ሳንድዊች፣ የሽሪምፕ ሳንድዊች፣ የሳልመን ሳንድዊች፣ ኦይስተር (ጥሬውን የሚበላ ባለዛጎል)፣ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ሎብስተርና ሸርጣን። ከፍለው ወዲያው ይቀበላሉ። ትኩሱ ደግሞ በነጭ ሽንኩርት ቅቤ የተጠበሰ ስካሎፕና በመረቅ የበሰለ መስል ነው (ሁለቱም በሁለት ዛጎል መካከል የሚኖሩ የባሕር ፍጥረታት ናቸው)፤ ይህ ተራ አለው፣ ሰልፍ ካለ መጠበቅዎ አይቀርም። ጊዜ ያጠረው ሰው ቀዝቃዛውን ይዘዝ። ሁለት ሆነው ከሄዱ ደግሞ አንዱ ትኩሱን አዝዞ ይጠብቅ፣ ሌላው ቀዝቃዛውን ይዞ ጠረጴዛ ይያዝ፤ ጠረጴዛ መያዝ ከማዘዙ የበለጠ ፈተና የሚሆንበት ቀን አለ።

ከሁሉ በፊት የሚመከረው የሸርጣን ሳንድዊቹ ነው። የዚህ አካባቢ ሸርጣን ቡናማው ዓይነት ነው፤ ሁለት ዓይነት ሥጋ አለው። ከመቆንጠጫውና ከእግሩ የሚወጣው ነጭ ሥጋ ጣፋጭና ክር ክር የሚል ነው፤ ከጀርባው ዛጎል ውስጥ የሚወጣው ቡናማ ደግሞ ለስላሳ፣ የባሕር ጠረኑ የበረታ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ነጩን ይጠይቅ። ለለመደው ሁለቱ የተቀላቀሉበት ይሻላል፤ ነጩ ብቻውን በዳቦ ውስጥ ጣዕሙ ይጠፋል።

ላንጎስቲን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በስኮትላንድ ዓሣ አጥማጆች አፍ «ፕሮን» ሲባል ይህን፣ ሮዝማ ብርቱካናማ የሆነውን፣ ቀጭን ረጅም መቆንጠጫ ያለውን ፍጥረት ማለታቸው ነው፤ ሳንድዊች ውስጥ የሚገባው ትንሹ ሽሪምፕ ሌላ ነው። ክሪል በሚባል የወጥመድ ቅርጫት የተያዘው ሳይደቅቅና በሕይወት እያለ ስለሚመጣ በመረብ ከተጎተተው ይበልጣል። አብዛኛው ወደ ስፔንና ፈረንሳይ ስለሚላክ እዚህ ሲገኝ ማለፍ አይገባም። ጥሩው ሥጋው ጠንከር ብሎ ጣፋጭ ነው። ሳይቀቀል በፊት ሞቶ የቆየ ከሆነ የራሱ ኢንዛይም ሥጋውን ስለሚያሟሟው እንደ ገንፎ ይለሰልሳል፤ የአሞኒያ ሽታ ካለው ደግሞ የትም ቦታ ቢሆን ይመልሱት። አበላሉ ቀላል ነው፦ ጭንቅላቱንና ጅራቱን በሁለት እጅ ይዘው ጠምዝዘው ያላቅቁ፣ የጅራቱን ዛጎል ከጎንና ከጎን ጨመቅ አድርገው ሲሰነጠቅ ይላጡ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጥቁር ክር ይሳቡ። ለአንድ ሰው ስድስት ትላልቅ ላንጎስቲን ከዳቦ ጋር ምሳ ነው፤ ዛጎሉ ብዙ ስለሆነ ሳህኑ ከሚያሳየው ያነሰ ሥጋ ነው የሚወጣው።

ስካሎፑ ከነብርቱካናማ እንቁላሉ ይቀርባል። ነጩ ጡንቻ ነው፤ ብርቱካናማው የእንቁላል ከረጢቱ ነው፣ ይበላል፣ ጣዕሙም ጠንከር ያለ ነው። በጋለ መጥበሻ በየጎኑ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ጎማ ይሆናል። ሰልፍ በበዛበት ሰዓት የትኛውም ወጥ ቤት መጥበሻውን ሲያጨናንቅ ሙቀቱ ስለሚወርድ ስካሎፑ ከመጠበስ ይልቅ በራሱ ውሃ ይቀቀላል፤ ወርቃማ ጠርዝ ከሌለው ምክንያቱ ይህ ነው። ለዚህም ነው ስካሎፕ የሚፈልግ ሰው በ11 ሰዓት እንጂ በ1 ሰዓት እንዳይሄድ የሚመከረው። ከተቀበሉት በኋላም ቆመው ፎቶ አያንሱ፤ በባሕሩ ነፋስ ቅቤው በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል።

መስል በዚህ አካባቢ የባሕር ወሽመጦች ውስጥ በገመድ ላይ ይለማል፤ አሸዋ ላይ ስለማይተኛ ሲያኝኩት አይንቋቋም። አንዱን ባዶ ዛጎል እንደ ወረንጦ ይዘው ሌላውን እየለቀሙ ይብሉ፤ ቢበስልም ያልተከፈተውን ይተዉት። ኦይስተር ጥሬ ነው የሚበላው፤ ሎሚ ጠብ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ማኘክ እንጂ እንዲሁ መዋጥ ጣዕሙን ማባከን ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው አይቅመስ። ዛጎል ያላቸውን ፍጥረታት በሕይወቱ በልቶ የማያውቅ ሰውም አለርጂ ይኑረው አይኑረው አያውቅም፤ በአንድ ቁራጭ ይጀምር፣ ከንፈር ወይም ጉሮሮ ቢያሳክክ ያቁም፣ ለሐኪም ይንገር። መርከቡ ባሕር መሀል ከገባ በኋላ ከመታመም መሬት ላይ ማወቁ ይሻላል።

ለብዙ አማርኛ አንባቢ ግን ትልቁ ጥያቄ ጣዕሙ አይደለም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት አልበላም ለሚል የኦርቶዶክስ አማኝ፣ ለቤተ እስራኤል ቤተሰብም ቢሆን፣ የዚህ ጎጆ ዝርዝር አብዛኛው ዝግ ነው፦ ሎብስተር፣ ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ ላንጎስቲን፣ መስል፣ ኦይስተር፣ ስካሎፕ ሁሉም ወጡ። የሚቀረው ሳልመን ነው፤ ያም መገኘቱ በቀኑ ይወሰናል። ሙስሊም አንባቢም መስሉን ከማዘዙ በፊት መረቁን ይጠይቅ፤ መስል ብዙ ጊዜ በነጭ ወይን ነው የሚበስለው።

እንዲህ ላለ ሰው ጎጆውን እያደነቁ «ሂድ» ማለት ልክ አይደለም። የተሻለው አማራጭ ከጎጆው ወደ ኖርዝ ፒር ሲመለሱ ጆርጅ ስትሪት ላይ ካሉት የፊሽ ኤንድ ችፕስ ቤቶች አንዱ ነው። እዚያ ሃዶክ ይጠይቁ፤ ክንፍም ቅርፊትም ያለው ነጭ ዓሣ ነው፣ ስኮትላንዳውያንም ከኮድ አብልጠው ይወዱታል። «ሃዶክ ሰፐር» ካሉ ከተጠበሰ ድንች ጋር ይመጣል፤ የእራት ሰዓት መሆን የለበትም፣ ስሙ ነው። ዓሣውን ብቻ ከፈለጉ «ሲንግል» ይበሉ። አንድ ሰፐር ለሁለት ሰው የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ጨውና አቼቶ ልጨምር ወይ ሲባሉ አቼቶውን በትንሹ ያስደርጉ፤ ከበዛ ዓሣው ተነክሮ የተጠበሰበትን ሊጥ ያርሰዋል።

ከማዘዝ በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። አንደኛ፣ በምን ይጠበሳል? በብሪታንያ አንዳንድ ቤቶች በአትክልት ዘይት፣ አንዳንዶቹ ግን በበሬ ሞራ ይጠብሳሉ፤ በሞራ ከሆነ ድንቹ ራሱ የፍስክ ነው። ሁለተኛ፣ ሊጡ ውስጥ ወተት፣ እንቁላል ወይም ቢራ አለ ወይ? የመርከቦቹ ወቅት የፈረንጆቹን በጋ ስለሚያካልል ከኦገስት 7 እስከ 21 ያለው ጾመ ፍልሰታ መሀሉ ላይ ይወድቃል። በጾም ዓሣ የሚበሉም የማይበሉም አሉ፤ ድንቹን ብቻ እበላለሁ ብሎ የሄደ ሰው ሳያውቅ የሚገድፈው ግን በሞራው ነው። ሻጮቹ ይህን ጥያቄ ለምደውታል፤ ቬጀቴሪያኖች በየቀኑ ይጠይቋቸዋል።

ብርድ ከሆነ፣ ሬስቶራንት ገብቼ ልቀመጥ የሚል ሰው ከለን ስኪንክ ይዘዝ፦ የታጠነ ሃዶክ፣ ድንችና ሽንኩርት በወተት የተሠራ ወፍራም ሾርባ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ከከለን ከተማ የመጣ ነው፤ የስኮትላንድን ዓሣ ቤቶች አቅም በአንድ ጎድጓዳ ሳህን መለኪያ እሱ ነው። ጥሩው ዓሣው በትልቁ ይገኝበታል፤ መጥፎው ነጭ ሙጫ ነው። ኖርዝ ፒር አካባቢ ያሉት ሬስቶራንቶች ለቴንደሩ ቅርብ ቢሆኑም ቁጭ ብሎ መብላት በትንሹ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ቀድሞ ያልያዘ ሰው መርከብ በገባበት ቀን አይመካባቸው።

ወደ ጎጆው ልመለስና፣ ሲጋል ስለሚባሉት የባሕር ወፎች። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የበላ ሰው አባ ኮዳን ያውቃል፤ አባ ኮዳ ግን ጨዋ ነው፣ ቆሞ ይጠብቃል። ሲጋል ከኋላ መጥቶ ከእጅ ይነጥቃል። ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ መቀመጥ፣ ሳንድዊቹን በወረቀቱ ሸፍኖ መያዝ፣ ከሁሉም በላይ አለመመገብ፤ አንዱ ቁራሽ ካገኘ ሃያው ይከተላል።

በጥሬ ገንዘብ ከከፈሉ መልስዎ የባንክ ኦፍ ስኮትላንድ፣ የሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ወይም የክላይድስዴል ባንክ ብር ሊሆን ይችላል። ትክክለኛ ፓውንድ ነው፤ ነገር ግን እንግሊዝ ውስጥ አንዳንድ ሱቆች አንቀበልም ስለሚሉ እዚያው ስኮትላንድ ይጨርሱት። ባንኮኒ ላይ ለሚገዛ ጉርሻ አይጠበቅም፤ ሬስቶራንት ውስጥ አሥር በመቶ የተለመደ ነው፣ ሒሳቡ ላይ ቀድሞ አለመጨመሩን አይተው ይስጡ። ዋጋው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ሎብስተርና ትልቁ ድብልቅ ሳህን ውድ ናቸው፣ ሳንድዊቹ ለኪስ ይቀላል። ድብልቁ ሳህን ለሦስት ሰው ካልሆነ አይመከርም፤ ሁሉንም ያቀምሳል፣ ግን ትኩሱ ቀዝቃዛው አጠገብ ተቀምጦ ይበርዳል።

ጠግበው ጊዜ ከተረፈዎት ኮረብታው ላይ ያለው ማኬግ ታወር አለ፦ በ1897 ተጀምሮ ያሠራው ሰው በ1902 ሲሞት የቆመ፣ ጣራ የሌለው የድንጋይ ክብ። ወደ እሱ ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ ጄከብስ ላደር፣ የያዕቆብ መሰላል፣ የሚባለው ረጅም ደረጃ ነው፤ ከስካሎፕ ቅቤ በኋላ ቀስ ብለው ይውጡት።

የተረፈውን ግን አስጠቅልለው ወደ መርከቡ አይያዙ። አብዛኞቹ መርከቦች የበሰለ ምግብ ከውጭ እንዲገባ አይፈቅዱም፤ ፍተሻው ላይ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይጣላል። እዚያው ይጨርሱት፤ ጣትዎ ላይ የቀረውን ሽታ ለማጥፋት ከሳህኑ ላይ የተረፈችውን የሎሚ ቁራጭ ይጠቀሙባት።