በቪትዝ ጀርባ ሦስት ሳይክል፦ የማንጠልጠያው ልምድና የጓደኛ ሒሳብ

ዕቃው ቀላል ነው። የመኪናው የኋላ በር ላይ በስድስት ማሰሪያ የሚወጠር፣ ሦስት ሳይክል የሚሸከም የብረት ማንጠልጠያ። ስም ያለው ብራንድ አይደለም። ዱባይ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ወደ 200 ድርሃም ከፍሎ ገዛውና ለእረፍት ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። በጊዜው ምንዛሪ ወደ 7 ሺህ ብር መሆኑ ነው። መኪናዬ ቪትዝ ናት። «ቪትዝ ላይ ሦስት ሳይክል?» ያላለኝ ሰው የለም። ትችላለች። ወሬው እንዴት እንደምትችልና ስንት እንደሚያስወጣ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንዳስፈለገ። አዲስ አበባ ውስጥ ሳይክል የሚነዳ ሰው እንጦጦ አለለት። ከቤቱ ተነስቶ ይወጣል፣ ሳንባውን ይፈትናል፣ ካሰኘው በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ ይዘልቃል። ለዚህ መኪና አያስፈልግም። ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሲታሰብ ግን ችግሩ የከተማው መውጫ ነው። በቃሊቲና በአቃቂ በኩል ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፉ መውጣት ለእኔ ስፖርት አይደለም። ፈጣን መንገዱ ላይ ደግሞ ሳይክል መንዳት ክልክል ነው። ስለዚህ ጭነን እንሄዳለን፣ ቢሾፍቱ ላይ እናወርዳለን፣ ከሆራ እስከ ባቦጋያ ያለውን አካባቢ እያዞርን እንነዳለን። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ እንጦጦ ላይ ያጠረን ትንፋሽ እዚያ ይመለሳል።

አሁን ወደ ዕቃው። አገጣጠሙ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፣ ከለመደ በኋላ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። ዋናው ነገር የላይኞቹ መንጠቆዎች የት እንደሚይዙ ነው። ቪትዝ ላይ ከበሩ በላይ ያለችው ጌጥ ፕላስቲክ ናት። መንጠቆው የበሩን ብረት ጠርዝ ካልያዘ ያቺ ፕላስቲክ ትሰነጠቃለች። ማንጠልጠያው ላይ የተጻፈው ለአንድ ሳይክል 15 ኪሎ፣ ለሦስቱ 45 ኪሎ ነው። የእኛ ማውንቴኖች እያንዳንዳቸው 13 እና 14 ኪሎ ስለሚመዝኑ ጫፉ ላይ ነን። ከባድ የኤሌክትሪክ ሳይክል ያለው ሰው ይህን ዕቃ አያስበው።

ሳይክሎቹ ከታሰሩ በኋላ የኋላ በር አይከፈትም። ቦርሳ፣ ውሃ፣ ፓምፕ፣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ሁሉም ቀድሞ መግባት አለበት። የረሳ ሰው በጎን በር በኩል የኋላውን ወንበር አጥፎ እጁን ይዘርጋ።

ዕቃው ያረጀበትን ቦታ በቅርብ ላሳያችሁ። ማንጠልጠያው ከመኪናው ጋር የሚነካካው በስፖንጅ በተሸፈኑ አራት እግሮች ነው። ስፖንጁ ለስላሳ ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው በመሐል ከሚገባው አቧራ ነው። የኮረኮንች መንገድ አቧራ ከሥሩ ይገባና መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። አሁን በሬ ላይ አራት የደበዘዙ ክቦች አሉ። ከጎሚስታ በነፃ ያገኘሁትን አሮጌ ከመነዳሪ ቆርጬ ከሥሩ ካነጠፍኩ ወዲህ አልሰፋም። ያው ከመነዳሪ ሳይክሎቹ እርስ በርስ እንዳይፋተጉም ያገለግላል። የአንዱ ፔዳል የሌላውን ቀለም መላጥ ይወዳል።

ማሰሪያዎቹ የዕቃው ደካማ ጎን ናቸው። ፀሐዩ ቀለማቸውን አጥቦታል፣ የአንዱ መቆለፊያም ትንሽ ይሸሻል። በየፍጥነት መቀነሻው ሳይክሎቹ አንዴ ዘለል ይላሉ። ስለዚህ ቱሉ ዲምቱ ከመድረሳችን በፊት ቆም ብዬ ሁሉንም እንደገና እወጥራለሁ። ትርፉን ጫፍ ካላሰሩት መንገዱን ሙሉ መስታወቱን ሲገርፍ ይውላል።

ሁለት ነገር ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። አንደኛው ማርሚታው ነው። የሳይክሉ ጎማ ዝቅ ብሎ ከጭስ መውጫው ፊት ለፊት ከተንጠለጠለ ይቀልጣል። የጓደኛዬ የፊት ጎማ አንድ ጎኑ ለስልሶ አገኘነው። ሁለተኛው ታርጋ ነው። ሦስት ሳይክል ሲደረደር የኋላው ታርጋ ይሸፈናል፣ ትራፊክ ፖሊስም ያስቆማል፣ ልክ ነውም። መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ሆነ። ከመጨረሻው ሳይክል የፊት ጎማውን ፈትቶ ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ሌሎቹንም ከፍ አድርጎ ማሰር።

ዝናብ ላይም ቃል ልጣል። ክረምት ላይ ጭኖ መሄድ ሳይክሉን በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር በሚወረወር ውሃ ማጠብ ማለት ነው። ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። በዝናብ ቀን ባንሄድ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ግን ትንሹ ወጪ ነው። ትልቁ ነዳጁና ጓደኞቹ ናቸው።

በቁጥር እንየው። ቪትዟ ብቻዬን ስሆን በ100 ኪሎ ሜትር ስድስት ሊትር ተኩል ገደማ ትጠጣለች። ሦስት ሰው፣ ሦስት ሳይክልና ማንጠልጠያ ሲጫን ወደ ስምንት ትጠጋለች። ክብደቱ አንድ ነገር ነው፣ ንፋሱም አለ፤ እንዲያም ሆኖ ጣሪያ ላይ ከመጫን የኋላው ይሻላል። ከእኛ ሰፈር ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ፣ እዚያ ካለው መዟዟር ጋር፣ 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በ2016 መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን 82 ብር ከ60 ሳንቲም ነበር። በግንቦት 2017 ደግሞ 122 ብር ከ53 ሳንቲም ገባ። ማለት ያው መንገድ በያው ጭነት ከ730 ብር አካባቢ ተነስቶ 1,080 ብር ደረሰ። የፈጣን መንገዱ ክፍያ ገና አልተቆጠረም።

እዚህ ጋ ይሉኝታ ይመጣል። ድሮ ማደያ ስንቆም ግብግብ ነበር። ሦስታችንም ኪሳችን እንገባለን፣ «በእናትህ እኔ ልክፈል»፣ «ተው እንጂ አንተ»። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ብር መቅዳት ቀረ። ቀጂዋ ታርጋ ትጠይቃለች፣ እኔ ስልኬን አወጣለሁ፣ ቴሌብር መልእክቱን ይልካል፣ አለቀ። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ስንት እንደወጣ አያይም። ሰልፍ በሚበዛበት ሰሞን ጭራሽ ዋዜማውን ማታ ብቻዬን ሄጄ ነው የምቀዳው። ጠዋት ጓደኞቼ ሙሉ ታንክ ያለው መኪና ውስጥ ይገባሉ። ታንኩ ከሰማይ የተሞላ ይመስላል።

ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ቢሾፍቱ ስንደርስ ቁርሱን እነሱ ይከፍላሉ። ጥብስ፣ ፍርፍር፣ ማኪያቶ። ቁርሱ ግን ይታያል። ብር ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይባላል፣ የተጋባዥነቱ ባለዕዳ እኔ እሆናለሁ። ነዳጁን ማንም አላመሰገነውም።

አንዱ ጓደኛዬ፣ ቀልደኛ ነው፣ «መኪናው እንደሆነ መሄዱ አይቀር» አለኝ። ሒሳቡ ከእሱ ጎን ያለ ይመስላል። በዚያው በግንቦት 2017 ዋጋ ብቻዬን፣ ያለ ማንጠልጠያው ብሄድ ወደ 880 ብር አወጣለሁ። እነሱና ሳይክሎቹ የጨመሩት 200 ብር ብቻ ነው። ለሁለት 100፣ 100 ብር። ግን ይህ የሚሠራው እኔ ለብቻዬ ወደ ቢሾፍቱ የምሄድ ሰው ብሆን ነው። አልሄድም። ጉዞው የሦስታችን ከሆነ ወጪውም ለሦስት ይከፈል፣ ባለመኪናው ራሱን ይቁጠር፣ ሌሎቹም እኩል ያዋጡ። ለሰው 360 ብር ይመጣል። በዚህ ላይ ለጎማ፣ ለዘይትና ለፍሬን ሸራ በኪሎ ሜትር 4 ብር ጨመርኩ። ግምት ነው፣ ከጋራዥ ከምከፍለው ተነስቼ የሠራሁት። ጠቅላላው 1,520 ብር ገደማ ሆነ፣ ለሰው 500። የመንገዱ ክፍያ ለብቻው ይካፈላል። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር አዲሱን ዋጋ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እለጥፋለሁ፣ ሒሳቡ አብሮ ይነሳል።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ብሩ የሚከፈልበት ቀን ነው። ሐሙስ ማታ ይላካል፣ አይመለስም። ድሮ እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ «አሞኛል» የሚል መልእክት ይመጣ ነበር፣ ወጪውም ለቀሩት ሁለት ይወርድ ነበር። አሁን ሕመሙ በእጅጉ ቀንሷል።

ከሌላው አማራጭስ? በሚኒባስ መሄድ ይቻላል። ሳይክሉ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል፣ ረዳቱ ደግሞ ሳይክሉን እንደ ሰው ያስከፍላል፤ በየጊዜው አዲስ ድርድር ነው። ማርሹ ላይ ጆንያ ሲጫንበት ግን ከላይ የሚያይልህ የለም። ለአንድ ሰው ያዋጣል። ሁለት ስትሆኑ ልዩነቱ ይጠባል። ሦስት ስትሆኑ የእኔ ቪትዝ ታሸንፋለች። ከስድስት በላይ ከሆናችሁ ማንጠልጠያ መግዛት ትታችሁ ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ። አንድ ወዳጃችን በያጅ ጋ ሄዶ በቱቦላሬ ማንጠልጠያ አሠርቷል። ጠንካራ ነው፣ ከእኔው ይረክሳል፣ ግን መኪናው ፒክአፕ ነው። ለቪትዝ ያ ክብደት አይሆንም።

በብር የማይቆጠረው ወጪ ደብረ ብርሃን ላይ መጣ። 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሁሉም ሰው የሚፈልገው ሳይክሉን ጭኖ ሄዶ ወደ አዲስ አበባ እየነዳ መመለስ ነው። የደጋ ሜዳው፣ ንፋሱ፣ ሸኖ ላይ ማረፉ። ጥሩ። መኪናውን ግን ማን ይመልሰዋል? ባለመኪናው። እነሱ ሲነዱ እኔ በሁለተኛ ማርሽ ከኋላ እከተላለሁ፣ ሙዝና ውሃ አቀብላለሁ። ሳይክል ለመንዳት የገዛሁት ዕቃ ሹፌር አደረገኝ። አሁን ደንቡ ተለውጧል። መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ በተራ ይነዳል፣ የሚነዳው ሰው ደግሞ ለዚያ ቀን ምንም አያዋጣም። ደርሶ መልስ ነዳጁ ብቻ 2,500 ብር ስለሚያልፍ ተራውን የሚጠላ የለም።

የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ጓደኛ ሰሞኑን ተቀላቅሎናል። ስለ ቤንዚን ስናወራ ፈገግ ይላል። ማንጠልጠያውን የእሱ መኪና ላይ ልንሞክር ብለን በሩ ላይ የሚይዝበት ጠርዝ አጣንለት። ስለዚህ እሱ ሰው ይጭናል፣ እኔ ሳይክል። የእሱን የኪሎ ሜትር ዋጋ ስንት እንደምናደርገው ገና እየተከራከርን ነው።

ይግዛ ወይስ አይግዛ ለሚለው፦ በወር አንዴ እንኳ ሦስት ሆናችሁ ከከተማ የምትወጡ ከሆነ ይግዛ። ዓመት ሳይሞላ ዋጋውን ይመልሳል። እንጦጦና ሱሉልታ ለሚበቃው ሰው ግን የመኪና ቀለም ማበላሻ ነው። ፍሬሙ ዝቅ ያለ ሳይክል ያላችሁ ተጨማሪ አግዳሚ ዘንግ ካልገዛችሁ አይንጠለጠልላችሁም። የመቆለፊያ ነገርም የለውም። ማሰሪያውን በምላጭ መቁረጥ ይቻላል። ቁርስ ቤት ስንመርጥ መኪናው ከጠረጴዛችን የሚታይበትን ነው የምንመርጠው፣ ጥብሱ ሁለተኛ ነው።

የኔው ማሰሪያዎች ከዚህ ክረምት በላይ የሚያልፉ አይመስለኝም። የአክስቴ ልጅ ለገና ሲመጣ ማሰሪያውን ብቻ እንዲያመጣልኝ ልኬበታለሁ። ለብቻው ይሸጣል አይሸጥም ገና እያጣራ ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ ግሩፑ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ለሦስት ይካፈላል።