«ገና ነው» ለሚሉኝ መካኒክ ምስጋና

መኪናዬን ሰርቪስ የሚያደርጉልኝን መካኒክ በአደባባይ ላመሰግናቸው ካሰብኩ ቆየሁ። ስምዎን ልጻፍ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ግን «ተይው ልጄ፣ ያሉኝ ደንበኞች ይበቁኛል። መኪና ሲበዛብኝ ሥራ መዝለል እጀምራለሁ» አሉኝ። ስለዚህ ስምም አድራሻም አልጽፍም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ ይሁኑ። ምስጋናው የእሳቸው ነው። ጥቆማው ደግሞ እንደሳቸው ያለ ሰው ለሚፈልግ ሁሉ ነው። መኪና የገዛ ሰው ይዋል ይደር እንጂ «ሰርቪስ የት ላስደርግ፣ የትስ ይረክሰኛል?» ማለቱ አይቀርም።

ከእሳቸው በፊት የምሄድበት ቦታ ርካሽ ነበር። ዘይት ቅያሪው ማለቴ ነው። ዘይት ላስቀይር እገባለሁ፣ ሌላ ነገር ተጨምሮብኝ እወጣለሁ። አንዴ ሞተሩ በኬሚካል ይታጠብ ይባላል፣ አንዴ ኢንጄክተሩ ይጽዳ፣ አንዴ የካምቢዮ ዘይቱ ጠቁሯል። መቼና ለምን እንደሚሠራ የሚያሳየኝ ሰው የለም። መልሱ ሁልጊዜ «ለመኪናሽ ጥሩ ነው» ብቻ ነው። ለመኪና መጥፎ ነው ብሎ የሚሸጥማ የት ይገኛል?

ጋሼ ጋ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ኮፈኑን ሳይከፍቱ «የመኪናሽ መጽሐፍ አለ?» አሉኝ። ማኑዋሉን ማለታቸው ነው። አውጥቼ ሰጠኋቸው። የሰርቪስ ሠንጠረዡ ያለበትን ገጽ ፈልገው ኪሎሜትሩን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ፣ ደርሷል። የአየር ፊልትሮ፣ ይታያል። የፍሬን ዘይት፣ በየ2 ዓመቱ ስለሚል መቼ እንደተቀየረ ካላወቅሽ እንለካዋለን። ካንዴላ፣ ገና ነው። ኩላንት፣ ገና ነው። የካምቢዮ ዘይት፣ ገና ነው። እኔ የዚያን ቀን ሁሉንም ክፈይ ብባል እከፍል ነበር። እሳቸው ግማሹን ሰረዙት።

«ገና ነው» ብቻ ነው የሚያውቁት እንዳትሉ። ከሠንጠረዡ ቀጥለው የጠየቁኝ መኪናዋን እንዴት እንደምነዳት ነው። አጭር አጭር መንገድ፣ ብዙ ጊዜም ተጨናንቆ የቆመ መንገድ ላይ አልኳቸው። ያን ጊዜ ገጹን ገለጥ አድርገው ሌላ ሠንጠረዥ አሳዩኝ። ብዙ ማኑዋሎች ውስጥ ሁለት ፕሮግራም አለ፣ አንዱ ለተለመደ አነዳድ፣ አንዱ ለከባድ አነዳድ። ከባድ የሚባለው ጭነት መጎተት ብቻ አይደለም። አቧራም፣ ሞተር አስነስቶ ቆሞ መዋልም፣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞም ይገባበታል። ሞተሩ ካልሞቀ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትና ነዳጅ ተንኖ አይወጣም። ብዙ ዘመናዊ መኪኖች በሲንቴቲክ ዘይት 10,000 ኪሎሜትር ወይም 12 ወር፣ ቀድሞ በደረሰው፣ ይላሉ። በከባዱ ፕሮግራም ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሹ ይወርዳል። እኔን እዚያኛው ውስጥ ከተቱኝ። ዘይት ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ፣ ሌላው በጊዜው ይጠብቃል። በዓመት ሳሰላው ከርካሹ ቦታ በጣም ያነሰ ነው የማወጣው።

የዘይቱን ዓይነትም ከመጽሐፉ ነው የሚያነቡት። 5 ደብሊው 30 የሚል ከሆነ በርሜል ውስጥ ያገኙትን አይሞሉም። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ሲነሳ ያለውን ውፍረት፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል ያለውን ይናገራል። ወፍራም ዘይት ሁሉ ጠንካራ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ቀጭን መተላለፊያ ላለው አዲስ ሞተር ወፍራሙ ቶሎ አይደርስለትም።

ሥራቸውን ቆሜ ሳይ ደስ የሚለኝ ነገር ይሄ ነው። አሮጌውን የዘይት ፊልትሮ ሲፈቱ መጀመሪያ የሚያዩት የፊልትሮውን ማሸጊያ ጎማ ነው፣ ከፊልትሮው ጋር አብሮ ወጥቷል ወይስ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል? ከቀረና አዲሱ ከነጎማው ላዩ ላይ ከታሰረበት፣ መኪናው መንገድ ላይ ዘይቱን በሙሉ ሊያፈስ ይችላል። የአዲሱን ጎማ ጣታቸውን ዘይት ነክረው ያብሱታል፣ በእጃቸው ያጠብቁታል፣ ቁልፍ አያስነኩትም። የማፍሰሻው ቡሎን አዲስ ሮንዴላ ይገባለታል። ቡሎኑን በጣታቸው ጥቂት ዙር ካስገቡ በኋላ ነው ቁልፍ የሚያነሱት፣ ጥርሱ እንዳይበላ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ከሥር በባትሪ ያያሉ፣ ያጠፉታል፣ ትንሽ ጠብቀው የዘይቱን መለኪያ ያወጣሉ። ይሄ ሁሉ የሚጨምረው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው። የሚዘሉት ሰዎች ለምን እንደሚዘሉት እስካሁን አይገባኝም።

ፍሬኑን ያዩበት ቀን ደግሞ አለ። የቀድሞው ቦታ «ሸራሽ አልቋል» ብሎኝ ነበር። ጋሼ ጎማውን ፈቱና መብራቱን ለእኔ ሰጡኝ። «ያዢልኝ፣ አንቺም እይው።» በመለኪያ ለኩት፣ 6 ሚሊሜትር። አዲስ ሸራ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ነው፣ 3 አካባቢ ሲደርስ ይቀየራል። ቀጥለው የውስጠኛውን አሳዩኝ። በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ የሚያይ ሰው የውጪውን ብቻ ነው የሚያየው፣ የውስጠኛው ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያልቃል። የእኔ እኩል ነበር። መንሸራተቻ ፒኖቹን አጽድተው ግሪስ ቀቡና መልሰው ገጠሙት። «ሸራው ገና ነው። የሚቀጥለው ሰርቪስ ላይ እንለካዋለን» አሉ። መለኪያውን ደብተራቸው ላይ ጻፉት፣ ደረሰኜም ላይ ጻፉልኝ።

የፍሬኑን ዘይት ግን አላለፉትም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት በጠጣ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ ደግሞ ቢያንስ 155 እንዲሆን ነው መስፈርቱ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየያዙ ሲወርዱ ያ ልዩነት ዋጋ አለው። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ይሄን ሲነግሩኝ ስንት ነው ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም።

ቆጥቢ የማይሉኝ ሌላው ነገር የታይሚንግ ቺንጊያ ነው፣ የፒስተንና የቫልቭን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ቀበቶ። አንዳንድ ሞተር በሰንሰለት ነው የሚሠራው፣ ያ ሌላ ነው። ቺንጊያ ያለው መኪና ግን መጽሐፉ ያለው ኪሎሜትር ወይም ዓመት ሲደርስ መቀየር አለበት፣ ምንም ድምፅ ባያሰማም። በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጊያው ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ከዚያ በኋላ ወሬው የሰርቪስ አይደለም። ውሃ ፖምፓው በዚሁ ቺንጊያ የሚዞር ከሆነ አብሮ ይቀየር ይላሉ። ለሁለቱም የሚከፈተው ያው ቦታ ነው፣ የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ አይከፈልም።

በተቃራኒው ለራሴ የተዉልኝ ሥራ አለ። የአየር ፊልትሮና ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ያለውን የመኪና ውስጥ ፊልትሮ «ይሄን እቤትሽ ቀይሪው፣ ለዚህ ልትከፍይኝ ነው?» ብለው አንዴ አሳዩኝ። መኪናዬ ላይ ቁልፍ እንኳን አይፈልግም። የዝናብ መጥረጊያም እንዲሁ። ገቢያቸውን በገዛ እጃቸው የሚቀንስ ነጋዴ ሳይ መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር።

የመኪናው አምራች ወኪል ጋ ካልሄድሽ ዋስትናው ይሰረዛል የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ይሄ እንደየአገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ፣ አምራቹ በነፃ እስካልሰጠ ድረስ፣ ሰርቪሱ የግድ እኔ ጋ ይሁን ብሎ ዋስትናውን እንዳያስር ይከለክለዋል። የአውሮፓ ኅብረት የውድድር ደንብም ወደዚያው ነው። የትም ብትሆኑ የዋስትና ወረቀታችሁን አንብቡ። ደረሰኝም ያዙ፣ ቀን፣ ኪሎሜትርና የዘይቱ ዓይነት የተጻፈበት። ወኪሉ ጋ መሄድ ያለብኝ ነገር ሲኖር ጋሼ ራሳቸው ይልኩኛል። አምራቹ ለእርማት የጠራው መኪና ከሆነ እዚያ በነፃ ይሠራል፣ ሶፍትዌርም የእነሱ ነው። የጎማ አላይመንትም «የእኔ ሥራ አይደለም» ይላሉ። ሁሉን እሠራለሁ ከሚል ሰው ይሄን የሚል ይሻለኛል።

ጉድለት የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ስልክ አያነሱም። ዛሬ ደውሎ ዛሬ መግባት የሚባል ነገር የለም። መቀመጫ ቦታ የላቸውም፣ ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት። ሥራቸውም ይዘገያል። የሚቸኩል ሰው ፈጣን ዘይት ቅያሪ ቦታ ቢሄድ ይሻለዋል፣ ግን ከዘይትና ከፊልትሮ ሌላ ምንም እንዳያስነካ፣ ከመሄዱ በፊትም የዘይቱን መጠን በዓይኑ ይይ።

እንዲህ ያለ መካኒክ በአንድ ጊዜ አይገኝም። እኔ የምመክረው ትልቅ ሥራ ይዞ ከመሄድ በትንሽ መጀመር ነው። ዘይት ቅያሪ ይበቃል። ስትደውሉ የመለዋወጫውን ዋጋና የእጁን ለይታችሁ ጠይቁ። ለይቶ መናገር የማይፈልግ ሰው ሲያስከፍልም አይለይም። የወጣው አሮጌ ዕቃ ይታየኝ በሉ፣ ፊቱን ያኮሳትራል ወይስ ያመጣል? መኪናዬ ስንት ኪሎሜትር እንደሄደች ሳይጠይቅ ይሄ ይቀየር ያለኝ ሰው ጋ እኔ አልመለስም። ዕቃ ላይ ደግሞ ምርጫ የሚሰጥ ይሻላል። ያው ዕቃ በመኪናው አምራች ካርቶን ሲሆን አንድ ዋጋ፣ በሠራው ፋብሪካ በራሱ ካርቶን ሲሆን ሌላ ዋጋ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ጋሼ ሁለቱንም ይነግሩኛል። የፍሬን ሸራ ላይ ግን «ስሙን የማላውቀው ዕቃ አታምጪብኝ» ብለው ጨርሰዋል።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይሄን እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። መኪናዬ ድምፅ ባሰማች ቁጥር ሆዴ የሚንቦጨቦጨው ቀርቶልኛል። ለሚቀጥለው የፍሬን ዘይት ዕቃውን ራሴ ገዝቼ አመጣለሁ፤ ዶት 4፣ ጣሳው ያልተከፈተ።