የተረገመችው ጥንቸል ወይስ ባለ 674 ፎቁ ግንብ?

ከኮሪያ የመጣ፣ እያስጨነቀ የሚያስቅ አጫጭር ልቦለድ ፈልጋችሁ ገንዘባችሁ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ከሆነ፣ በእኔ እምነት ምርጫው ሁለት ነው። የቦራ ቹንግ «ከርስድ በኒ»፣ ማለትም የተረገመችው ጥንቸል፣ አለዚያም የቤ ምዮንግ-ሁን «ታወር»፣ ግንቡ። ሁለቱም በእንግሊዝኛ የወጡት በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም ያስቃሉ፤ ሳቃቸው ግን ለየቅል ነው።

ጥንቸሏ 10 ታሪኮች አሏት። በመጀመሪያው አንዲት ሴት ሽንት ቤት ተጠቅማ ውሃ ልትለቅ ስትል፣ ከመቀመጫው ውስጥ ጭንቅላት ብቅ ብሎ «እማዬ» ይላታል። የተሠራሁት አንቺ እዚህ ከጣልሽው ፀጉር፣ ሶፍትና ዓይነ ምድር ነው ባይ ነው። ውሃ ትለቅበታለች። ተመልሶ ይመጣል። ቹንግ ይህን ሁሉ የምትተርከው ስለ ቤት ኪራይ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ ነው፤ ሳቁም የሚመጣው ከዚያ ነው። ምሳ ላይ ግን አደራ! የርዕሱ ታሪክ ደግሞ ስለ መተት ነው። በስም ማጥፋት የከሰረ መጠጥ ጠማቂ ጓደኛውን ደም ሊመልስ፣ አንድ አያት በጥንቸል ቅርጽ መብራት ይሠራል። መብራቱ ጠላት ቤት ይገባል፤ ከዚያ ወረቀት መቆርጠም ይጀመራል። መጽሐፉ በ2022 ለዓለም አቀፉ ቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ነበር። ከአሥሩ አንዱ የሆነው የነፋስና የአሸዋው ተረት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሰልችቶኛል።

«ታወር» ውስጥ ደም የለም ማለት ይቻላል። ያለው ቢሮክራሲ ነው። ግማሽ ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ራሱን የቻለ አገር ሆኗል፤ ታሪኮቹም ሁሉ እዚያው ናቸው። በአንደኛው ተመራማሪዎች ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ ለማወቅ፣ ውድ የመጠጥ ጠርሙሶች ላይ መከታተያ ለጥፈው ይለቃሉ። ጠርሙሱ ሳይከፈት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ለአለቃ፣ ከዚያ ለአለቃው አለቃ። ጥቂቶቹ ግን አንድ ተዋናይ ዘንድ ገብተው ይቀራሉ። ተዋናዩ ውሻ ነው። የምር ውሻ፣ ባለ አራት እግር። «እጅ መንሻ» የሚለውን ቃል ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም።

ሆዳችሁ የሚችል ከሆነ ጥንቸሏ። ፖለቲካ የሚያስቃችሁ ከሆነ ግንቡ። መደብር ቆማችሁ ካመነታችሁ የጥንቸሏን የመጀመሪያ ገጽ አንብቡ፤ ሽንት ቤቱ እዚያው ነው። ፊታችሁ ከተጨማደደ መልሷትና ግንቡን ይዛችሁ ውጡ።